ሙሾ የሌለው ልቅሶ

በጎጃም ሁለት ሰው ሲጣላ ሽማግሌ ይገባል። ድንበር የተገፋፋም፣ በሬ አዝመራውን የበላበትም፣ ጠላ ቤት ክፉ ቃል የተወራወረም ቢሆን ዋርካ ሥር ተቀምጦ ነገሩ ይታያል። ሰው ከተከታታይ ፊልም ጋር ሲጣላ ግን ማን እንደሚሸመግል አባቶች ያቆዩልን ሥርዓት የለም። እኔ «ስታር ትሬክ፦ ዲስከቨሪ» ከሚባለው ተከታታይ ጋር ከተኮራረፍኩ ዓመታት አልፈዋል። ኩርፊያው ደግሞ የአንድ ወገን ነው፤ እኔ ፍኖተ ሰላም ቁጭ ብዬ ስነፋ እሱ መኮረፌን እንኳ አያውቅም። እንደዚህ የሚያበሽቅ ጠብ አይቼ አላውቅም።

ለማያውቀው ሰው ነገሩን ላሳጥረው። «ስታር ትሬክ» በአሜሪካ ቴሌቪዥን የጀመረው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 8 ቀን 1966 ነው። በእኛ ሲቆጠር ጳጉሜን 3 ቀን 1958 ዓ.ም.፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ሰማይ ይከፈታል ተብሎ ልጆች ዝናብ ላይ የሚቦርቁበት ቀን። ሰማይ ስለምታስስ መርከብ ለሚያወራ ፊልም ከዚህ የተሻለ ልደት የሚመርጥ የለም። ጓደኛዬ ፋርማሲስቱ ግን «የአሜሪካ ምሽት እኛ ዘንድ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው፤ ወደ ጳጉሜን 4 ተሻግሯል» ብሎ ይሞግተኛል። መድኃኒት የሚያድል ሰው በሰዓት ማጥበቁ ደግ ነው፤ ለወዳጅነት ግን አይመችም።

ፈጣሪው ጂን ሮደንቤሪ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ያበረረ፣ ኋላም የሎስ አንጀለስ ፖሊስ የነበረ ሰው ነው። ጦርነቱንም ሌባውንም ካየ በኋላ ተቀምጦ የሰው ልጅ ተስማምቶ የሚኖርበትን ዘመን ጻፈ። የመጀመሪያው ተከታታይ 79 ክፍል ሠርቶ በሦስተኛው ዓመቱ ተዘጋ። ከዚያ በድጋሚ ሲታይ፣ ሲታይ፣ የሚወደው ሰው በዛና ልጅና የልጅ ልጅ ወለደ። እኔ የተዋወቅሁት ከሁለተኛው ትውልድ ጋር ነው፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ፣ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞር ሃርድ ዲስክ። ራሰ በራው ካፒቴን ፒካርድ ሻዩን ሲያዝ ስምንት ወንዶች በአንድ ላፕቶፕ ላይ ተደፍተን እናያለን። ከመካከላችን አንዱ፣ ዓይነ ስውሩ መሐንዲስ ጆርዲ የሞቃዲሾ ልጅ መሆኑን ያወቀ ዕለት «በቃ፣ ጎረቤታችን ነው!» ብሎ ዶርሙን ቀወጠው።

እንግዲህ በዚህ አድጌ ነው በመስከረም 2010 ዓ.ም. «ዲስከቨሪ» የመጣው። መጀመሪያ ያናደደኝ ክሊንጎኖቹ ናቸው። እነዚህ የጠፈር ጦረኞች በእኛ ዘመን ረጅም ጸጉር ነበራቸው፤ በአዲሱ ሁሉም ተላጭተው መጡ። መላጨታቸውስ ይሁን፣ ረጅም ረጅም ንግግር በክሊንጎንኛ ያወርዱብን ጀመር። ቋንቋው እውነተኛ ነው፤ ማርክ ኦክራንድ የተባለ የቋንቋ ሊቅ ለፊልም ብሎ የፈጠረው፣ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ያለው ነው። ግን አፋቸው ላይ የተለጠፈው ፕላስቲክ ስለከበዳቸው ትኩስ ድንች የጎረሱ ይመስሉ ነበር።

ቀጥሎ መርከቢቱ የምትሄድበት ነገር መጣ። እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ከብርሃን የሚፈጥን ሞተር ሲያሳዩኝ ያለ አንዳች ቅሬታ ውጬአለሁ። «ዲስከቨሪ» ግን የምትጓዘው በእንጉዳይ ነው። በጠፈሩ ሁሉ የተዘረጋ የእንጉዳይ ሥር አለ፤ መርከቢቱ በዚያ ውስጥ ጠልቃ የጋላክሲው ሌላ ጫፍ ላይ ብቅ ትላለች። መሪዋም አንድ የመርከቡ ሳይንቲስት ሲሆን ስሙ ከእውነተኛው አሜሪካዊ የእንጉዳይ ተመራማሪ ከፖል ስታሜትስ የተወሰደ ነው። ይህ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ሌላው ደግሞ የስፖክ እህት ነገር። ስፖክን ከመጀመሪያው ተከታታይ ጀምሮ ለሃምሳ ዓመት እናውቀዋለን፤ አባቱን፣ እናቱን፣ የጆሮውን ቅርጽ ሳይቀር። አሁን ተነስተው ማይክል በርናም የምትባል አብራው ያደገች እህት ነበረችው አሉን። የት ነበረች? ለምን አንድ ቀን ስሟ አልተነሳም? ፋርማሲስቱ እዚህ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። እሱ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሳይጨርስ ፋይሉን አጥፍቶ፣ ከቆሻሻ ቅርጫቱም አጥፍቶ፣ ለሚመጣው ደንበኛ ሁሉ ከአሞክሳሲሊን ጋር «ዲስከቨሪን እንዳታይ» የሚል ምክር የሚያድል ሰው ነው።

እውነቱን ለመናገር አዲስ ስታር ትሬክ መጥቶ ያልተሰደበበት ዘመን የለም። ፒካርድ እ.ኤ.አ. በ1987 ሲመጣ የፊተኛው ካፒቴን የከርክ ወዳጆች «ይሄ መላጣ ማነው?» ብለው ነበር። በ1993 «ዲፕ ስፔስ ናይን» ሲጀምር ደግሞ «ጣቢያ ላይ ቆሞ ምን አሰሳ አለ?» ተባለ፤ ዛሬ ብዙ ሰው ከሁሉም የበሰለው እሱ ነው ይላል። እኛስ ብንሆን? ከዚህ ብዙ ሳይርቅ ማንኩሳ አለች፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» የበዛብህ አገር ያደረጓት። ያንን መጽሐፍ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ከተረከው በኋላ የማንኩሳን መንገድ ሌላ ሰው በሌላ ድምፅ ቢተርክልን ጆሯችንን እንይዛለን። አባቴ እስከ ዛሬ መጽሐፉን ገልጦ ሲያነብ የሚሰማው የራሱን ድምፅ አይደለም። ስለዚህ የአሜሪካን ኩርፊያ እንደ እብደት አላየውም።

ወደ እርቁ ልምጣ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። ያ ጊዜ የሚቀለድበት ስላልሆነ አልፈዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጥቀስ፦ ፍላሽ ላይ ፊልም የሚጭነው የሠፈራችን ልጅ በከተማው ካሉ ባለሥልጣናት ሁሉ የበለጠ ተፈላጊ ሆነ። በቀጣዩ ክረምት «ዲስከቨሪ» በአምስተኛው ምዕራፍ፣ በ65ኛው ክፍል ማለቁን የነገረኝም እሱ ነው። «ቲቸር፣ ሙሉውን አግኝቻለሁ። ሌላው ስታር ትሬክ ሃርድ ዲስኩ ሲወድቅ ጠፍቷል። ያለው ይሄ ነው።» ምርጫ ያጣ ሰው ይቅር ባይ ይሆናል።

በዚያው ሰሞን አማቴ ከጃቢ ጠህናን ገጠር ዓይናቸውን ሊታዩ መጡ። በልጅነታቸው ዋሸራ ቅኔ የተማሩ፣ ኋላ ወደ እርሻቸው የተመለሱ ሰው ናቸው። ቴሌቪዥን ሲያዩ ዝም ብለው አያዩም፤ ይዳኛሉ። እንግሊዝኛ ስለማይሰሙ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ትርጉም ፊልም ላይ እንዳለው አንባቢ የሁሉንም ድምፅ እሠራለሁ። ሴቷንም፣ ሮቦቱንም፣ ክሊንጎኑንም።

ለመለማመጃ ስልኬ ላይ የቀረችኝን የድሮ ክፍል አሳየኋቸው። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ ነው፤ ነገራቸውን ሁሉ በጥንት ታሪካቸው ምሳሌ ብቻ የሚናገሩ ሕዝቦች አሉበት፤ የፒካርድ የትርጉም መሣሪያ ቃሉን ይተረጉማል፣ ምን ማለት እንደሆነ ግን ማንም አይገባውም። አሜሪካኖቹ ምስጢሩን ለማወቅ አርባ አምስት ደቂቃ ፈጀባቸው። አማቴ ገና በአሥረኛው ደቂቃ «ሰውየው ሰሙን እየሰጠው ነው፤ ወርቁን እሱ መፈለግ አለበት። አስተማሪ የለውም እንዴ?» አሉ። ዳኛዬን ያገኘሁት ያኔ ነው።

«ዲስከቨሪ» ተከፈተ። ክሊንጎኖቹ ተነስተው ንግግራቸውን ጀመሩ። ፕላስቲኩን እንዲታዘቡልኝ ብጠብቅ አማቴ አንገታቸውን ደፍተው ያዳምጣሉ። «የሚናገረው ማነው?» «የጦር አበጋዛቸው ነው አባባ፤ ሃያ አራቱ ቤቶቻችን ተበታትነናል፣ አንድ እንሁን ነው የሚለው።» «ታዲያ በራሱ ቋንቋ ባይናገር በማን ቋንቋ ሊናገር ነበር?» ጸጉራቸው በሁለተኛው ምዕራፍ ተመልሶ ሲበቅል ደግሞ ምንም አልመሰላቸውም። ሐዘን ላይ የነበረ ሰው ተላጭቶ፣ ጊዜው ሲደርስ ያሳድጋል፤ በቃ።

የበርናምን ወንጀል አስረዳኋቸው። ጦርነት እንዳይነሳ ቀድመን እንተኩስ አለች፤ ካፒቴኗ እምቢ ስትል አንገቷን ቆንጥጣ ጣለቻትና በራሷ አዘዘች፤ ዕድሜ ልክ ተፈረደባት። አማቴ ጥቂት አሰቡ። «ጦርነቱ ቀረ?» «አልቀረም።» «እንግዲያው ልክ ነበረች ወይም አልነበረችም ብሎ መፍረድ አይቻልም። አለቃ መቆንጠጥ ግን ነውር ነው። ካሳ ትክፈል፤ ዕድሜ ልክ ይበዛባታል።» ፊልም ሠሪዎቹም ከዚህ ፍርድ ብዙ አልራቁም፤ ኋላ ምሕረት አድርገውላታል።

የተሰወረችውን እህት ጉዳይ በትልቅ ቁጭት አቀረብኩ። እዚህ ላይ ከእኔ ጋር እንደሚሆኑ እርግጠኛ ነበርኩ። «አባትየው ማነው?» አሉኝ። ሳሬክ እንደሚባል፣ የተከበረ አምባሳደር እንደሆነ፣ ልጁ ስፖክ እሱ ያለው ትምህርት ቤት አልገባም ስላለ ለ18 ዓመት እንደ አባትና ልጅ እንዳልተነጋገሩ ነገርኳቸው። ሳቁ። «ልጁን 18 ዓመት ያኮረፈ አባት ሌላ ልጅ ማሳደጉን ለማን ይነግራል?»

ደግሞም ለጎጃም ሰው የተሰወረ እህት ምን ብርቅ ነው? እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ርስት የሚገኘው ከአቅኚ አባት በመወለድ ስለነበር፣ የትውልድ ሐረጉን የሚቆጥር ዘመድ በፈለገው ዓመት ከየትም ብቅ ሊል ይችላል። አላን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ ደጋ ዳሞት ድረስ መጥቶ ይህንኑ አጥንቶ በ1973 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አውጥቶበታል። አማቴ እንዳሉኝ በእሳቸው ወጣትነት የማይታወቅ ወንድም የሚመጣው ገበሬ ማሳ ሲያርስ ነበር። የስፖክ እህት ቢያንስ መሬት አልጠየቀችም። (ስፖክ እ.ኤ.አ. በ1989 ፊልም ላይ ሳይቦክ የሚባል ወንድምም ብቅ ብሎበት እንደነበር ፋርማሲስቱ ሁልጊዜ ይረሳል።)

እንጉዳዩ ላይ ክርክሩ ጠነከረ። ሐምሌ ነበር፤ በፍኖተ ሰላም ዙሪያ፣ ላህ ወንዝ ዳር ሁሉ እንጉዳይ የፈነዳበት ጊዜ። «የሚበላው ነው ወይስ የጅብ ጥላ?» ሲሉ ጠየቁኝ። በሃምሳ ዓመት የስታር ትሬክ ክርክር ይህን ጥያቄ ያነሳ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። ከዚያ እርሻ ላይ ያዩትን ያወሩልኝ ጀመር፤ እንጉዳይ ዛሬ እዚህ፣ ነገ ማዶ፣ ማንም ሳይዘራው በአንድ ሌሊት እንደሚወጣ። ከአፈሩ በታች ያ ሁሉ ክር እንደሚያያይዘው፣ ከዛፍ ሥር ጋር እንደሚገናኝ የሥነ ሕይወት መምህሩ ባልደረባዬም መሰከረባቸው ሳይሆን መሰከረላቸው። በፊዚክስ ረገድ አሁንም አልተስማማሁም። አንድ ድምፅ ለሁለት ተሸነፍኩ።

ነገሩ የከረረው ግን ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ነው፤ የፊልሙ ሞገደኛ ጠላቶች አብዛኞቹ ሳይደርሱበት ያቋረጡት ምዕራፍ። መርከቢቱ ከ900 ዓመት በላይ ወደፊት ትዘልላለች። ስትደርስ ያ ሁሉ የጠፈር ኅብረት ፈርሷል። ምክንያቱ ጦርነት አይደለም፤ ነዳጅ ነው። ዳይሊቲየም የሚባለው፣ መርከብ ሁሉ የሚሄድበት ማዕድን፣ አንድ ቀን በድንገት ሥራውን አቆመ፤ በጉዞ ላይ የነበረ መርከብ ሁሉ ፈነዳ። ከ120 ዓመት በኋላ የቀረችውን ጥቂት ነዳጅ ነጋዴዎች በድብቅ ያዞሯታል፤ 350 ዓለማት የነበሩት ኅብረት 38 ብቻ ቀርቶታል፤ ጎረቤት ከጎረቤት ከተራራቀ ስንት ጊዜው።

ይህንን ስተረጉም ቤቱ ጸጥ አለ። የአማቴ የወንድም ልጅ ሚኒባስ ነጂ ነው፤ በዚያች ሌሊት ቡሬ ላይ ለነዳጅ ተሰልፎ አድሯል። አማቴ ዓይናቸውን ከታዩ በኋላ ወደ አገራቸው ያልተመለሱት ባጃጁም ሚኒባሱም ስለቆመ ነው። ከመናኸሪያው ጀርባ ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ ይሸጣል፤ ዋጋው የሻጩን ፊት አይቶ ነው የሚታወቀው። ከቡሬ ወደ ነቀምት፣ ከቡሬ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ አዲስ አበባም የሚወስደው መንገድ እዚያው ነው፤ የሚሄድበት የለም እንጂ። በርናም ከጥቁር ገበያ ሻጭ ጋር ስትከራከር አማቴ ወደ ስክሪኑ ተጠግተው «ስንት ነው የሚላት?» አሉኝ። ዋጋውን ፊልሙ ስላልተናገረ ከራሴ ፈጥሬ ነገርኳቸው። «ርካሽ ነው፤ ትውሰደው» አሉ።

ከዚያም የማይቀረው መጣ። በዚያ ነዳጅ በጠፋበት ዘመን ያለ ዳይሊቲየም መሄድ የምትችል አንዲት መርከብ ብቻ አለች፤ በእንጉዳይ የምትሄደው። አማቴ አንገታቸውን አዙረው ዝም ብለው አዩኝ። ምንም አላሉም። ቢናገሩ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ወደ ትልቁ ክስ ልግባ፣ «ዲስከቨሪ» በዓለም ዙሪያ የተሰደበበት፤ ያለቅሳሉ የሚለው። እውነት ነው፣ ያለቅሳሉ። ካፒቴኑ ያለቅሳል፣ መሐንዲሱ ያለቅሳል፣ መርከቢቱ ራሷ ስሜት አውጥታ ትጨነቃለች። ሲያወሩም በሹክሹክታ ነው፤ መርከብ ሊፈነዳ አራት ደቂቃ ሲቀረው ቆመው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ስለ ልጅነታቸው ይነጋገራሉ። የነዳጁ ጥፋት መነሻም አንድ ልጅ ሆኖ ተገኘ። ሱካል ይባላል፤ በተሰበረች መርከብ ውስጥ ብቻውን ከእናቱ ጋር ቀርቶ፣ እናቱ ስትሞት የጮኸው ጩኸት ነው ጠፈሩን ያቃጠለው። በአሜሪካ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ፊልሙን ተሳለቀበት፤ የአንድ ልጅ ልቅሶ እንዴት ኅብረት ያፈርሳል አሉ።

አማቴ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ጠብታው ነው አሉ፤ ሐኪሙ የሰጣቸው። «ለእናቱ ያለቀሰ ልጅ ሰማይ ቢሰነጥቅ ምን ይገርማል? የሚገርመው ሌላው ሰው ሲሞት ጸጥ ብሎ ማደሩ ነው።» ከዚያ ግን ያልጠበቅሁትን ፍርድ ሰጡ። «ልቅሷቸው ግን ግጥም የለውም።»

እህታቸው በአካባቢው የታወቁ አልቃሽ ናቸው። እሳቸው ሲገቡ ለቅሶው መልክ ይይዛል፤ ሟቹ ማን እንደነበር፣ ምን እንዳረሰ፣ ማንን እንዳስታረቀ በሙሾ ይቆጠራል፤ ሕዝቡ ይቀበላል፤ እንባ የሚወርደው ግጥሙ ከገባ በኋላ ነው። «ዲስከቨሪ» ላይ ሁሉም ሰው በየግሉ፣ በየጥጉ፣ ያለ አውጪና ያለ ተቀባይ ያለቅሳል። «አልቃሽ የላቸውም» አሉ አማቴ በእውነተኛ ሐዘኔታ። ፋርማሲስቱም፣ እኔም፣ ያ ሁሉ ተቺም ለዓመታት የተወዛገብንበት ነገር ይኸው ነው፤ እንባው አልነበረም የሚያስጠላው፣ ሰብስቦ ቅርጽ የሚሰጠው ሰው ማጣቱ ነው። የድሮዎቹ ፊልሞች ጥቂት አለቀሱ፤ ሲያለቅሱ ግን አንድ ሰው ቃሉን ይዞ ይቆማል። ስፖክ የሞተበት፣ እ.ኤ.አ. የ1982ቱ ፊልም መጨረሻ ላይ ከርክ የሚናገራት አጭር ንግግር፣ ድምፁ የሚሰበርባት ቦታ፣ ለእኔ ሙሾ ናት።

ያልተሸመገለም አለ። በየምዕራፉ ዓለም ልትጠፋ ነው፤ ዓለም በየዓመቱ ልትጠፋ ከሆነ ሰው መደንገጥ ያቆማል። ከፊት የሚቀመጡት ዴትመርና ኦዎሴኩን ለዓመታት «ዝግጁ ነን» ከማለት በቀር ምን አሉ? ይህንን ለአማቴ ሳሳስብ እሳቸውም ተስማሙ፤ «እነዚያ ሁለት ልጆች ይናገሩ እንጂ» ሲሉ ነበር በየክፍሉ። አራተኛው ምዕራፍ ላይ በጠረንና በብርሃን የሚነጋገሩ ፍጡራን ሲመጡ ጎረቤታችን በርበሬ እየደለዘች ስለነበር ቤቱ ሙሉ ማስነጠስ ሆኖ ግማሹ አመለጠን። አልቆጨኝም።

አማቴ የወደዱት ሳሩን ነው። ያ ረጅሙ፣ የሚታደን ሕዝብ ልጅ፣ ፍርሃት ሲመጣ ከራሱ ጀርባ የሚነሳ ነገር ያለው፣ ተዋናዩ ዳግ ጆንስ ተረከዙን አንስቶ እየተራመደ የሚጫወተው። ሰላምታው፣ አቀማመጡ፣ ለአለቃ ያለው አክብሮት ደስ አላቸው። «ይሄ ሰው ያደገው ቤት ነው» ይላሉ። ስለዚህ በመጨረሻው ክፍል ሳሩ ትሪና የምትባለዋን መሪ ሲያገባ ለሠርጉ ተስተካክለው ተቀመጡ። ሠርጉ ጥቂት ደቂቃ ነው። ሰዎቹ ባሕር ዳርቻ ላይ ተሰብስበው፣ ብርጭቆ ይዘው፣ በዝግታ እያወሩ፣ ተበተኑ።

«አለቀ?»

«አለቀ አባባ።»

«ድንኳን የለም? ሽማግሌ ማን ተላከ? ጥሎሽስ?» መቁጠር ጀመሩ፤ ዘፋኝ የለ፣ ጠላ የለ፣ ሚዜው ማን እንደሆነ አይታወቅ። «ይህን የመሰለ ሰው እንዲህ ይዳራል?» ይህን ሁሉ ምዕራፍ ተከታትለው በዚህ ሊሸኟቸው አይገባም ነበር። አንድ ቦታ የተቆረጠ ነገር አለ፤ ልጁ ሲጭን አሳጥሮብናል፤ ሄደህ ጠይቀው አሉኝ። መብራት ስለነበረ በጭቃው ውስጥ ሄድኩ።

ልጁ አልቆረጠም። ፋይሉን ከፍቶ አሳየኝ፤ ያው ነው። የመጣሁበትን ስነግረው ለጊዜው አሰበና ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው። «ቲቸር» አለኝ፣ «ሠርጉ ከሆነ የተፈለገው የቱርኩን ልጫንላቸው፤ እሱ ላይ ሠርግ ብቻውን ስድስት ክፍል ነው።»